ሳይቀምሱ የሚጋገር የገና ብስኩት

የገና ብስኩት የሚጋገረው በጾም ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር አጋማሽ ላይ ይገባል፣ ፍስኩ ታኅሣሥ 29 ነው (በዘመነ ዮሐንስ 28)። በዚያ መሀል ቅቤና እንቁላል የገባበትን ሊጥ የሚያዘጋጅ ሰው ጣቱን ልሶ «ስኳር አንሶታል» ማለት አይችልም። ወጥ ሲሆን እጅ ለምዶታል፣ ሽታውም ይናገራል። የብስኩት ሊጥ ግን ጥሬውን ብዙም አይሸትም፤ ከተጋገረ በኋላ ደግሞ ጨው ልጨምርበት አይባልም። ስለዚህ የምላስን ሥራ ሚዛን፣ ጣትና ዓይን ተከፋፍለው ይሠሩታል።

እዚህ ሦስት ዓይነት ብስኩት አለ፦ ለበዓሉ የቅቤ ብስኩትና የማር ብስኩት፣ ለጾሙ ደግሞ የሰሊጥ ብስኩት። የቅቤው መሠረት ስለሆነ በእሱ ላይ ረዘም አድርገን እንቆያለን። እሱን በደንብ የያዘ ሰው ሌሎቹ አይከብዱትም።

ሚዛን ይኑር

ትንሽ የኤሌክትሪክ የኩሽና ሚዛን ከማንኛውም የኬክ ዕቃ በፊት ይገዛ። 240 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ኩባያ ዱቄት በማንኪያ ቀስ ተብሎ ሲሞላ 120 ግራም ያህል ይመዝናል። ያው ኩባያ ከረጢቱ ውስጥ ተነክሮ ጫን ጫን እየተደረገ ከተሞላ ከ150 ግራም ያልፋል። ሁለት ኩባያ ተኩል ሲሰፈር ልዩነቱ 75 ግራም ሊደርስ ነው። አንዱ ቤት አፍ ላይ የሚሟሟው ብስኩት ሌላው ቤት እንደ ጡብ የሚደርቀው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ የእጅ ጉዳይ አይደለም። ሚዛን ከሌለ ዱቄቱን አስቀድመው በማንኪያ አናፍሰው፣ ኩባያውን ሳይጫኑ ሞልተው፣ አፉን በቢላዋ ጀርባ ይላጩት።

የቅቤ ብስኩት

ልኩ ቀላል ነው፤ አንድ እጅ ስኳር፣ ሁለት እጅ ቅቤ፣ ሦስት እጅ ዱቄት። 100 ግራም የተፈጨ ስኳር፣ 200 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 300 ግራም የፉርኖ ዱቄት። በዚህ ላይ የአንድ እንቁላል አስኳል፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ቫኒላ። ጨውን አይዝለሉ፤ ያለ እሱ የቅቤው ጣዕም ይደበዝዛል። ቅቤው ራሱ ጨው ያለበት ከሆነ ግን ይቅር። ይህ መጠን የሻይ ብርጭቆ አፍ የሚያህል ብስኩት ከ40 በላይ ያወጣል።

አገር ውስጥ የሚሸጠው ፉርኖ ዱቄት በአብዛኛው ለዳቦ ተብሎ የተፈጨ ነውና ለብስኩት ጠንከር ይላል። ከ300 ግራሙ 50 ግራሙን በበቆሎ ስታርች ይተኩት፤ ብስኩቱ ሲነከስ ይፈረፈራል እንጂ አይጎተትም። ውጭ አገር ለኬክ ተብሎ የሚሸጠውን ዱቄት የሚጠቀም ሰው ስታርቹ አያስፈልገውም። ዱቄት፣ ስታርችና ጨው አብረው ሁለት ጊዜ በወንፊት ይነፉ።

ቅቤው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የገበታ ቅቤ 80 በመቶ ያህሉ ስብ ነው፣ የቀረው በአብዛኛው ውሃ። ንጥር ቅቤ ውሃው ስለተነነ ስብ ብቻ ነው፤ በዚያው ልክ ከገባ ሊጡ ይቀባል፣ ብስኩቱም ትሪው ላይ ይፈሳል። በንጥር ቅቤ መሥራት የሚፈልግ ቅመም ሳይገባበት የተነጠረ 165 ግራም ይጠቀም፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ወተትም ይጨምርበት። ኮሰረትና ኮረሪማ ገብቶ የተነጠረ ቅቤ ለዶሮ ወጡ ይቀመጥ። ለጋ ቅቤም ከእርጎ ስለሚናጥ ኮምጠጥ ያለ ሽታው ከመጋገር በኋላ አይጠፋም። ማርጋሪን የሚጠቀሙ ማሸጊያውን ያንብቡ፦ ስቡ 80 በመቶ አካባቢ የሆነው ይሠራል፤ ዳቦ ላይ ለመቀባት የሚሸጠው ለስላሳው ግን ውሃው ብዙ ነውና ቅርጹን አይዝም።

የቅቤው ልስላሴ የሚለካው በጣት ነው። ሲጫኑት ጣትዎ ጎድጓዳ ምልክት ይተዋል፣ የተጫኑት ቦታ ግን አያብረቀርቅም፤ ልኩ ይሄ ነው። ካብረቀረቀ መቅለጥ ጀምሯል፣ ለአሥር ደቂቃ ፍሪጅ ይመለስ። በታኅሣሥ ብርድ አዲስ አበባ ላይ ከፍሪጅ የወጣ ቅቤ ለመለስለስ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል፤ ድሬዳዋ ወይም ዱባይ ላይ ሩብ ሰዓት ሊበዛበት ይችላል። ሰዓት ሳይሆን ጣትዎን ይመኑ።

ስኳሩ ዱቄት የሆነ ይሁን። ተራውን ስኳር ቤት ውስጥ መፍጨት ይቻላል፣ ነገር ግን መፍጫው ቡና ወይም በርበሬ ያየ ከሆነ መጀመሪያ አንድ እፍኝ ጥሬ ሩዝ ፈጭተው ይጣሉ፤ ሩዙ ሽታውን ይዞት ይወጣል። የተፈጨውን ስኳር በሌባ ጣትና በአውራ ጣት መሀል አሽተው ይዩት፤ ከቆረቆረ እንደገና ይፈጭ። ሻካራ ስኳር ሊጡ ውስጥ ሳይሟሟ ይቆይና ምድጃ ውስጥ ሲቀልጥ ብስኩቱን ያንጣልለዋል።

ብስኩት ዳቦ አይደለም

ድፎ ዳቦ የለመደ እጅ ሊጥ ሲያገኝ ማሸት ይፈልጋል። እዚህ ላይ እጅን መቆጣጠር ያስፈልጋል። ዱቄት ከእርጥበት ጋር ተገናኝቶ በታሸ ቁጥር ግሉተን የሚባለው እንደ ጅማት የሚሳብ ነገር ይጠነክራል። ዳቦን የሚያቆመውና የሚያነፋው እሱ ነው፤ ብስኩትን ግን ያጠነክረዋል፣ ምድጃ ውስጥም ያኮማትረዋል። ክብ አድርገው የቆረጡት ብስኩት ሞላላ ሆኖ ከወጣ ሊጡ ታሽቷል ማለት ነው።

ስለዚህ ቅቤና ስኳሩን በእንጨት ማንኪያ ለአንድ ደቂቃ ያህል፣ ስኳሩ እስኪጠፋ ብቻ ያዋህዱ። ለኬክ እንደሚደረገው ነጭ እስኪሆን አይምቱት፤ የገባው አየር ብስኩቱን አሳብጦ ቅርጹን ያጠፋል። አስኳልና ቫኒላ ይግቡ፣ ትንሽ ይማሰል። ከዚያ ዱቄቱ በሁለት ጊዜ ይጨመር። መጀመሪያ እንደ ፍርፍር ይሆናል፤ ሁልጊዜ እንዲሁ ነው፣ አይደንግጡ፣ ውሃም አይጨምሩ። በእጅዎ መዳፍ ሰብሰብ አድርገው ይጫኑት፣ ይልቀቁት፣ እንደገና ይጫኑት። ስምንት አሥር ጊዜ ሲጫን አንድ ይሆናል። ነጭ ዱቄት መታየቱን ሲያቆም እጅዎን ያንሱ።

ልኩ የሚታወቀው እንዲህ ነው፦ ዋልነት የሚያህል ሊጥ ቆርሰው ኳስ ያድርጉና በጣት ይጫኑት። ጠርዙ ስስ ስንጥቆች አሳይቶ ካልተበተነ ደህና ነው። እንደ አሸዋ ከተበተነ አንድ የሻይ ማንኪያ ቀዝቃዛ ወተት ይርጩበት። ጣት ላይ ተጣብቆ ከቀረ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ሙቀት ነውና ዱቄት ከመጨመርዎ በፊት ሃያ ደቂቃ ያቀዝቅዙት።

መዳመጥና መቁረጥ

ሊጡን ኳስ አድርገው ፍሪጅ ካስገቡት መሀሉ እስኪቀዘቅዝ ዳሩ ድንጋይ ይሆናል፣ ሲዳመጥም ይሰነጠቃል። ገና ለስላሳ እያለ በሁለት የመጋገሪያ ወረቀት ወይም በተቀደደ ንጹሕ ፌስታል መሀል አድርገው በመዳመጫ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት እስኪኖረው ይዳምጡት። መዳመጫ ከሌለ ቀጥ ያለ ጠርሙስ ይበቃል። ውፍረቱ እኩል እንዲሆን በሁለቱ ጎን 5 ሚሊ ሜትር የሚሆን ዘንግ ወይም ጣውላ ያስቀምጡና መዳመጫው በእነሱ ላይ ይንከባለል። አንዱ ስስ ሌላው ወፍራም ከሆነ ስሱ ሲያርር ወፍራሙ ጥሬ ይሆናል፤ ይህን ደግሞ ሳይቀምሱ ማወቅ ይከብዳል። የተዳመጠውን ከነወረቀቱ ትሪ ላይ አድርገው ለ30 ደቂቃ ያቀዝቅዙ።

ሲቆርጡ የሻይ ብርጭቆውን አፍ ዱቄት እያስነኩ ቀጥ አድርገው ወደ ታች ይጫኑ፣ አይጠምዝዙ። ትርፍራፊው ተሰብስቦ አንዴ ይዳመጣል፤ ሦስተኛ ጊዜ ከተዳመጠ ጠንካራ ነው የሚሆነው፤ እሱን ለቤት ልጆች ለይተው ይጋግሩት፣ ለእንግዳው ሰሃን አይቀላቀል።

ጣት የሚያስገቡበትን ማርማላታ የሚሞላ ብስኩት ለሚፈልጉ መዳመጥ አያስፈልግም። ሊጡን 15 ግራም 15 ግራም እየመዘኑ ያድቦልቡሉ፣ መሀሉን በአውራ ጣት ይጫኑ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ማርማላታ ይሙሉበት። ማርማላታው ቀጭን ከሆነ ምድጃ ውስጥ ፈልቶ ይፈስሳል፤ አስቀድመው በትንሽ ድስት ሦስት ደቂቃ አፍልተው፣ አወፍረውና አቀዝቅዘው ይጠቀሙ።

እሳቱ

ኦቨኑ 170 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ቢያንስ ለሃያ ደቂቃ ይሙቅ፤ ማራገቢያ ካለው 155 ይበቃል። ትሪው ላይ የመጋገሪያ ወረቀት ይነጠፍ እንጂ ቅቤ አይቀባ። የተቀባ ትሪ ላይ ብስኩቱ ይንሸራተትና ይሰፋል። በብስኩቶቹ መሀል የሁለት ጣት ርቀት ይኑር። በመካከለኛው መደርደሪያ ላይ ከ12 እስከ 14 ደቂቃ ይቆያል።

ሁሉንም ከመጋገርዎ በፊት አንዲት ብስኩት ብቻዋን ይጋግሩ። በጾም ለሚጋግር ሰው ይህች አንዲት ብስኩት ቀማሽ ናት። ስትቀዘቅዝ ይስበሯት። ጠርዟ ወርቃማ፣ መሀሏ ፈዛዛ ሆኖ «ቀጭ» ብላ በአንድ ጊዜ ከተሰበረችና ስባሪው ውስጥ ደረቅ፣ ደቃቅ ፍርፋሪ ከታየ ልክ ነው። ስትሰበር ከታጠፈች ወይም መሀሏ ላይ ጠቆር ያለ እርጥብ መስመር ካለ ሁለት ደቂቃ ይጨመር። ትሪው ላይ ከተዘረጋች ሊጡ ሞቋል፤ የተቆረጠውን ሁሉ ለ15 ደቂቃ ፍሪዘር ያስገቡ። ጨርሳ ቅርጿን ሳትለውጥ እንደገባች ከወጣችና ስትሰበር ከተቋቋመች ዱቄቱ በዝቷል ወይም ሊጡ ታሽቷል።

ትኩሱ ብስኩት ለስላሳ ነው፤ «አልበሰለም» ተብሎ ወደ እሳት የሚመለሰው በዚህ ጊዜ ነው፣ የሚያርረውም ያኔ ነው። ትሪው ላይ አምስት ደቂቃ ይረፍ፣ ከዚያ ወደ ሽቦ ማቀዝቀዣ ይዛወር። የሚቀጥለው ዙር ደግሞ በጋለ ትሪ ላይ አይደርደር፤ ቅቤው እሳት ሳይደርስበት ይቀልጣል። ሁለት ትሪ ማፈራረቅ ወይም ጀርባውን በቀዝቃዛ ውሃ ማስነካት ያስፈልጋል።

የብዙ ቤት የጋዝ ኦቨን ከታች ብቻ ይጋረፋል። ታችኛው መደርደሪያ ላይ ባዶ ትሪ ያስገቡ፣ ብስኩቱን ከመሀል ከፍ ያድርጉ፣ ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ትሪውን ያዙሩ። የሙቀት ቁጥሩ የማይታመን ከሆነ ትንሽ የኦቨን ቴርሞሜትር መደርደሪያው ላይ ማንጠልጠል ችግሩን ይፈታል።

ኦቨን በሌለበት ወፍራም የብረት ድስት ይሠራል። ታቹ ላይ ሁለት ጣት የሚሆን ጨው ይፈስስ፣ በላዩ ትንሽ ማስቀመጫ ሽቦ ይቀመጥ፣ ክዳኑ ተገጥሞ በመካከለኛ እሳት 15 ደቂቃ ይሙቅ። ከዚያ እሳቱን ቀንሰው ብስኩቱን በትንሽ ሰሃን ያስገቡ። ክዳኑን በጣም ትንሽ ገርበብ ያድርጉት፤ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ጤዛ ሆኖ ብስኩቱ ላይ ይንጠባጠባል። ከ18 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጃል። ላዩ ፈዛዛ ሆኖ ስለሚቀር መብሰሉን የሚናገረው ታቹ ነው፤ አንዱን ገልብጠው ይዩ።

መብራት መሀል ላይ ከሄደና ብስኩቱ ከስምንት ደቂቃ በላይ ከቆየ በሩን አይክፈቱ፤ በያዘው ሙቀት አብዛኛው ይጨርሳል። ገና እንደገባ ከሆነ ግን ቶሎ ያውጡትና ያቀዝቅዙት። በሚቀንስ ሙቀት ውስጥ ከቀረ ቅቤው ይፈስና ብስኩቱ ዘይት ላይ ይዋኛል።

የማር ብስኩት

አዲስ ማር በጥቅምትና በኅዳር ይቆረጣል፣ ለዚህ ብስኩት ወቅቱ የተመቸ ነው። 125 ግራም ቅቤ፣ 125 ግራም ስኳርና 100 ግራም ማር በለስላሳ እሳት ይቅለጡ፤ አይፍሉ። የረጋ ማር ቢሆንም ግድ የለም፣ ይቀልጣል። አውርደው ሁለት የሻይ ማንኪያ የዝንጅብል ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ አዲስ የተወቀጠ ኮረሪማ፣ በቢላዋ ጫፍ የሚነሳ ቅርንፉድና ቁንጥር ጨው ያግቡበት። ቅመሙ ትኩስ ስብ ላይ ሲገባ ሽታው ይከፈታል፤ ቤቱን የሚያውደው ይሄ ነው። ቅርንፉድ ላይ ግን ይጠንቀቁ፤ ከበዛ ምላስ ያደነዝዛል፣ ቀምሶ የሚያርመውም የለም።

ጣት ሲነካው ለብ እስኪል ከቀዘቀዘ በኋላ አንድ እንቁላል ይጨመር። ለብ ሳይል ከገባ እንቁላሉ ይበስልና ይጓጉላል። ከዚያ 350 ግራም ዱቄት ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጋር ተነፍቶ ይግባ። በባሕር ዳርቻ ከተሞች የሚኖር ሰው ሶዳውን ወደ አንድ የሻይ ማንኪያ ሊያሳድገው ይችላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፤ ሶዳው የሚያወጣው ጋዝ በቀላሉ ይለጠጣል። ከውጭ የመጣን ልክ እንዳለ መጠቀም ብስኩቱን አስነስቶ መሀሉን ያሰምጠዋል። የበዛ ሶዳ የሳሙና ጣዕምም ያመጣል።

ሊጡ ሲያበቃ ለስላሳና የሚጣበቅ ነው። ጠቅልለው ፍሪጅ ያሳድሩት፤ ዱቄቱ እርጥበቱን ጠጥቶ በማግስቱ በቀላሉ ይዳመጣል። ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር፣ ሙቀቱ 160 ዲግሪ፣ ጊዜው ከ10 እስከ 12 ደቂቃ። ማር ከስኳር ቀድሞ ስለሚጠቁር ዓይንዎን አያንሱ፤ ጠርዙ የቡና ገለባ መልክ ሲይዝ ይውጣ። በመጀመሪያው ቀን ደረቅ ይመስላል፤ ማሩ ከአየር እርጥበት እየሳበ በሁለት በሦስት ቀን ይለሰልሳል፣ ቅመሙም ይዋሐዳል። ስለዚህ ከበዓሉ አንድ ሳምንት ቀድሞ የሚጋገረው እሱ ነው።

የጾም ሰሊጥ ብስኩት

ሰሊጥም የሚደርሰው በዚሁ በመጸው ነው። 40 ግራም ነጭ ሰሊጥ ተለቅሞ በደረቅ ምጣድ ላይ መንጣጣት እስኪጀምር ይቆላ። 110 ግራም የሱፍ ዘይት፣ 100 ግራም የተፈጨ ስኳርና 50 ሚሊ ሊትር ውሃ ክዳን ባለው ጠርሙስ ይግቡና ወተት እስኪመስል በደንብ ይናጡ። ይህን መናጥ የዘለለ ሰው ዘይቱ ከሊጡ እየተለየ እጁን ሲያጥብ ይውላል። 300 ግራም ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ቁንጥር ጨውና ሰሊጡ ባለበት ዕቃ ውስጥ ገልብጠው በማንኪያ ያዋህዱ፤ ማሸት እዚህም የለም። ሩብ ሰዓት ከረፈ በኋላ 15 ግራም እየመዘኑ ያድቦልቡሉት፣ በሹካ ጀርባ ጠፍጠፍ ያድርጉት። በ180 ዲግሪ ከ15 እስከ 17 ደቂቃ ይጋገራል።

ከዱቄቱ 60 ግራሙ በበሶ ዱቄት ቢተካ ጣዕሙ በጣም ያምራል። የተቆላው ገብስ ቅቤ የሌለበትን ክፍተት ይሞላል ብንል ማጋነን አይደለም። በሶ ውሃ ይጠጣልና አንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ ይጨመር። የኑግ ዘይት ጣዕሙ ስለሚገን ብስኩቱን ይወርሰዋል። በዘይት ፈንታ ማርጋሪን የሚጠቀም ጾመኛ ማሸጊያውን አገላብጦ ያንብብ፤ የወተት ዱቄት ወይም አጓት የገባበት ማርጋሪን ገበያ ላይ አለ። ይህኛውን ብስኩት ሰዓት ሲደርስ መቅመስ ይቻላል፤ የኦቨንዎን ጠባይ ለማወቅም ጥሩ መለማመጃ ነው።

ቀኑን መደልደል

የቅቤው ሊጥ ተዳምጦና ተቆርጦ በፍሪዘር ሁለት ወር ይቆያል። ኅዳር መጀመሪያ ላይ ተሠርቶ በወረቀት እየተነባበረ ቢቀመጥ ለገና ከበረዶው እንደወጣ ወደ እሳት ይገባል፤ ሁለት ደቂቃ ብቻ ይጨመርለት። የማር ሊጡ ታኅሣሥ 20 አካባቢ ይቦካ፣ በማግስቱ ይጋገር። የቅቤው ከታኅሣሥ 25 እስከ 27 ባለው ጊዜ ይጋገር፤ የዋዜማው ቀን ለዶሮ ወጡና ለዳቦው ይተው።

ለብ ያለ ብስኩት አይከደን፤ ጤዛው መልሶ ያለሰልሰዋል። ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ክዳኑ የሚገጥም ቆርቆሮ ወይም ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ በወረቀት እየተለየ ይደርደር። የማሩንና የቅቤውን አንድ ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ ሁለቱንም ያበላሻል፤ አንዱ እርጥበቱን ያጣል፣ ሌላው ቀጭ ማለቱን። ቅቤ ሽታ ይስባልና በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ካለበት መደርደሪያም ይራቅ። የቅቤው ሁለት ሳምንት፣ የማሩ ከሦስት ሳምንት በላይ ይቆያል። ማርማላታ የተሞላው በሦስት በአራት ቀን ስለሚረጥብ መጨረሻ ላይ ይጋገር።

የቅቤው ብስኩት በበዓሉ ጠዋት ለስልሶ ከተገኘ በ150 ዲግሪ ኦቨን አምስት ደቂቃ ይግባ፤ ቡናው ሁለተኛው እስኪቀዳ ቀዝቅዞ ቀጭ ማለት ይጀምራል።